ባሕር ሄጃለሁ፤ ወጡን ብሉት

«እሷ እኮ ብቻዋን ባስ ተሳፍራ አታውቅም» ስትል ሰማኋት፤ የወንድሜን ሚስት እሌኒን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እንግዶቹ ሄደዋል፣ እኔ የሻይ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ደርሻለሁ። የለንደኑ የሆሎዌይ ቤታችን የኪችን በር አይዘጋም፤ ፍሪጁ ይይዘዋል። እሌኒ ታጥባለች፣ ወንድሜ ጥላዬ በፎጣ ያደርቃል፣ ሁለቱም ያንሾካሹካሉ። ሐዘን ቤት ውስጥ የሚያንሾካሹክ ሰው ከሚጮኽ ሰው ይበልጥ ይሰማል። እሌኒ በክፋት አልተናገረችም፤ ሳህን እያለቀለቀች ነገሩን አንድ በአንድ ታስረዳዋለች። የካውንስሉን ደብዳቤ የምታነበው ማን ነበረች? እታፈራሁ። መብራት የምትከፍለው፣ ሐኪም ቤት ደውላ ቀጠሮ የምትይዘውስ? እታፈራሁ። አሁን እታፈራሁ የለችም። ስለዚህ ቤቱ ለአከራዩ ለካውንስሉ ይመለስ፤ እኔም ሃርልስደን እነሱ ጋ፣ ከማሞቂያው ከቦይለሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል ልግባ። ነገ ልጃቸው ኤዶም ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ፎርሙን ትሞላለች፤ ማታ እነሱ ሲመጡ የእኔ ሥራ እሺ ማለት ብቻ ነው። ጥላዬም «እሺ ትላለች፤ መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች» አለ። ትሪዬን ይዤ ወደ ሳሎን ተመለስሁ። ያንገበገበኝ መዋሸታቸው አልነበረም። እውነታቸውን መሆኑ ነው።

እታፈራሁ ታላቅ እኅቴ ናት። ያን ዕለት ካረፈች አርባ ስድስተኛ ቀኗ ነበር። በዚህ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ውሉም በሁለታችን ስም ነው። እሷ ከፊት ነበረች፣ እኔ ከኋላ። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በእግር ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ሆስፒታል ውስጥ፣ አንሶላ እጥበት ክፍል ነው፤ ከዚያ ውጭ የትም ብንሄድ እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ ዕቃ እይዛለሁ። ዶክተሩ እኔን «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ደኅና ናት» ብላ የምትመልሰው እሷ ናት፤ አሞኝ ሄጄም ቢሆን። ከሞተች ወዲህ ደግሞ ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም ተብሎ ዘመዶቼ ስልካቸው ላይ «ተራ» የሚባል ግሩፕ ከፈቱ። ሰኞ የክላፋም ዘመዶች፣ ማክሰኞ ከቤተ ክርስቲያን፣ ሐሙስ የጥላዬ ጓደኞች። አርባ ስድስት ቀን ሙሉ ብቻዬን የሆንሁት ሽንት ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያም ትንሽ ከቆየሁ በር ይንኳኳል። አላማርርም፣ ባይመጡ ኖሮ አብድ ነበር። ግን እንቅልፌን እንኳ ሰው እየጠበቀው ነው የተኛሁት።

ያን ሌሊት ግን አሳዳሪ አልነበረኝም፤ የኤዶም ተራ የሚጀምረው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ዐሥራ ሁለት ላይ ተነሣሁ። ምን እንደማደርግ ያወቅሁት ተኝቼ ሳለ ይመስለኛል፤ መሬት የሚያልቅበት ቦታ ድረስ ሄጄ ብመለስ ከዚያ በኋላ ስለ ባስ ማንም አያወራም። የእታፈራሁን መሳቢያ ከፈትሁና የባቡር ካርዴን አወጣሁ። ስልሳ ዓመት የሞላኝ ጊዜ አፕላይ አድርጋ ያመጣችልኝ ናት፤ ከቲኬት ላይ ሢሶውን ይቀንሳል። «ያለ እኔ ስትሄጂ ይጠቅምሻል» ብላኝ ነበር፤ የት ነው የምሄደው ብዬ ሳቅሁባት። ፎቶዬ ላይ የደነገጥሁ እመስላለሁ። ጥቁር ቀሚሴን ለበስሁ፣ ጥቁር ነጠላዬን ደረብሁ፣ የሐዘን ቤት ምግብ ሞልቶ ስለተረፈ ግማሽ ድፎ ዳቦ፣ አምስት የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ በፌስታል ቋጠርሁ። ስልኬን ሆን ብዬ ተውሁት፤ ይዤው ብሄድ ቀኑን ሙሉ «እንዴት አደርሽ» ነው የሚለው። ኤዶም ስትመጣ እንዳትቸገር በአንድ የካውንስል ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፍሁላት፤ «ባሕር ሄጃለሁ። ወጡን ብሉት።» ፍሪጁ ላይ ለጠፍሁና ወጣሁ።

ባሱ ላይ ምንም አልተፈጠረም። የባስ ካርዴን አስነካሁ፣ ጮኸ፣ ሾፌሩ ዞር ብሎም አላየኝ። ቀና ስል ደረጃውን አየሁ። እታፈራሁ ጉልበቷን ያማት ስለነበር ላይኛው ፎቅ ወጥተን አናውቅም፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆሎዌይን መንገድ ከታች ነው ያየሁት። ወጣሁና ከፊት ለፊት መስኮቱ ጋ ተቀመጥሁ። የሱቆቹ ጣሪያ ላይ ሣር በቅሏል፣ አንዱ ፎቅ ላይ ሰውዬ በውስጥ ሱሪ ጥርሱን ይቦርሻል። ሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ ስደርስ የቲኬት ማሽኖቹን አልፌ ሰው ያለበት መስኮት ፈለግሁ። ዛሬ ደርሼ የምመለስበት፣ ባሕር ያለበት፣ ከሁሉ ዋጋው የረከሰ ቦታ የት ነው አልሁት። ቲኬት ሻጩ ልጅ ሳቅ አለና ሦስት አራት ስም ጠራልኝ፤ ዊትስተብል የሚለው በካርዴ ሃያ ሁለት ፓውንድ ሆነ። «ለስንት ሰው?» አለኝ። እኛ ሁልጊዜ ሁለት ነበርን፤ ሁለት የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጣቴን አነሣሁና አንድ አልሁት።

ባቡሩ ውስጥ ራሴን ልቈጥብ ብዬ ነበር፤ የቋጠርሁት ምሳዬ ነው፣ እዚያ ምግብ ውድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ግን ከለንደን ሳንወጣ ራበኝ። ፌስታሉን ስፈታ የዳቦው ሽታ ተነሣ፣ ፊት ለፊቴ ያለችው ወጣት ቀና አለች። ሰው እያየኝ ብቻዬን መብላት አልችልበትም። ቆርሼ ሰጠኋት፤ አይሆንም አለችኝ፣ እኔም አይሆንም አልኋት፣ ተቀበለች። ለእሷ ሰጥቼ አጠገቧ ያለውን ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ሰውዬ መዝለል ነውር ሆነብኝ። ለእሱ ሰጥቼ ደግሞ ከመተላለፊያው ማዶ እናትና ልጅ አሉ። ልጅቷ እንቁላሉን ካልላጥሽልኝ አለች። ዊትስተብል ስንደርስ የቀረኝ የዳቦ ቅርፊትና አንድ እንቁላል ነበር፤ ሰውዬው ግን ማዳመጫውን አውልቆ ከባቡር ሲያወርደኝ ክንዴን ይዞ ነው።

ከጣቢያው ቁልቁል ወረድሁ። ከተማው ትንሽ ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ የሎሚ ቢጫ የተቀቡ። ወደቡ ጋ ሰዎች ቆመው ከድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ውስጥ አንድ የሚዝለገለግ ነገር ሎሚ እየጨመቁበት ጥሬውን ይውጣሉ፤ ስድስቱን ከዐሥራ አምስት ፓውንድ በላይ ከፍለው። ሁለቱ ዋጡና ተያዩ፣ ሌላ አዘዙ። ከዚያ አልፌ ወደ ግራ ስመለከት ባሕሩን አየሁት። ቀለሙ ሰማያዊ አልነበረም፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስል ነበር። ቢሆንም ትልቅ ነበር። ዳር ዳሩን ትንንሽ የእንጨት ቤቶች በረድፍ ቆመዋል፣ አንዷን አንዲት ነጭ አሮጊት አረንጓዴ ትቀባለች። እዚህ ስንት ሰው ይኖራል ብዬ ጠየቅኋት። ማንም አይኖርበትም፤ ወንበር ይቀመጥበታል፣ ሲዘንብ ሻይ ይጠጣበታል አለችኝ። ዋጋዋን ስትነግረኝ ዜሮውን ያበዛች መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኋት። አልጋ እንኳ የማይገባባት ቤት። የሃርልስደኗን ክፍል አሰብሁና ለሴትየዋ ነገርኋት፤ የወንድሜን ቤት፣ ቦይለሩን፣ ሌሊት እንደሚያንጎራጉር። ብሩሿን ቆርቆሮው ላይ አሳርፋ ሰማችኝ። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ገና አላወቅሁም አልኋት። ተሰናብቻት ጥቂት ከሄድሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ሩብ ሰዓት በእንግሊዝኛ አውርቻለሁ፣ በእኔ ቦታ የመለሰልኝ ሰው የለም።

ከትንንሾቹ ቤቶች ወዲያ አንድ የጠጠር መንገድ ከዳር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ሰው የሠራው መሰለኝ። ግራውም ውሃ፣ ቀኙም ውሃ፣ መኻሉ ደረቅ። የሙሴ መንገድ ነው አልሁና ገባሁበት። ጠጠሩ ከእግሬ ሥር ይንሸራተታል፣ ቅርፊት ይሰበራል። ከእኔ በፊት የሄዱት እየተመለሱ ነበር፤ ሰላም እያልኋቸው አለፍሁ። መጨረሻው ላይ መንገዱ ጠቦ ጠቦ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻ ነው። ዘወር ስል ከተማው የክብሪት ሣጥን አክሏል። ማንም አይሰማኝም። «እታፈራሁ» አልሁ፣ ጮክ ብዬ። ደግሜም ጠራኋት። አለቀስሁ። አርባ ስድስት ቀን ያለቀስሁት በሰው መኻል ነው፤ ድምፄ ከፍ ሲል «በቃሽ፣ በቃሽ» የሚለኝ አይጠፋም፣ ውሃ ያቀርቡልኛል፣ ትከሻዬን ይይዙኛል፣ ለቅሶዬም መኻሉ ላይ ይቋረጣል። እዚህ በቃሽ የሚል የለም። ስለዚህ አለቀስሁ፣ አለቀስሁ፣ ለቅሶው ራሱ አለቀ። አፍንጫዬን ተናፈጥሁ። ከዚያ ራበኝ። የቀረችኝን እንቁላል ላጥሁ።

እንቁላሉን ልጎርስ ስል ከዳር ሰው ሲጮኽ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ያወዛውዛሉ። ነፋሱ ቃላቸውን ቆራርጦ አመጣው፤ «ወይዘሮ! ውሃው ይመለሳል!» በአማርኛ። ወደ ኋላዬ ባይ መንገዴ ግማሽ ሆኗል። እንቁላሌን ለአንድ ትልቅ ነጭ ወፍ ጣልሁለትና ቀሚሴን ሰብስቤ ሄድሁ፤ መጀመሪያ በእርጋታ፣ በኋላ ያለ እርጋታ። ዳር ስደርስ ጫማዬ ውስጥ ባሕር ነበር። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ባርኔጣ፣ በሌላው አይስክሬም ይዘው ቆመዋል። ጥቁር ነጠላዬን ከሩቅ አይተው የእኛ ሰው መሆኔን ማወቃቸውን፣ ስማቸው አቶ ምድሃኔ መሆኑን፣ የከረን ሰው ሆነው አማርኛ አስመራ በጃንሆይ ጊዜ መማራቸውን፣ አሁን ነርስ ልጃቸው ጋ እዚሁ ከተማ መኖራቸውን ነገሩኝ። በአራት ዓመት ውስጥ በዚህ ዳርቻ አማርኛ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ሲነግሩኝ ፈገግ ብለው ነበር። ከዚያ ልብሴን ልብ ብለው አዩትና ፈገግታቸው ተሰበሰበ። ማን እንደሞተብኝ ጠየቁኝ። እኅቴ አልኋቸው። ነፍስ ይማር ብለው ወደ አግዳሚ ወንበሩ መሩኝ፣ ራሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፣ ዝም አሉ።

ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ገና እንደተቀመጠ አያወራም፣ ቶሎም አይነሣም። እዚህም ተከትሎኝ መጣ ማለት ነው። ችግሩ አይስክሬሙ ነበር። ፀሐዩ ጠንክሯል፤ አቶ ምድሃኔ አይልሱትም፣ አይጥሉትም፤ እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገው ይዘውታል። መጀመሪያ ጣታቸው ላይ ወረደ። ከዚያ የሸሚዛቸው እጅጌ ውስጥ ገባ። እኔ ባሕሩን አያለሁ፣ እሳቸው ባሕሩን ያያሉ፣ አይስክሬሙ ይወርዳል።

«ይብሉት እንጂ» አልሁ በመጨረሻ።

«በሐዘንተኛ ፊት?»

«እየፈሰሰ ነው።»

«ይፍሰስ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ልመልሰው ብሞክር በአፍንጫዬ ወጣ። አቶ ምድሃኔ ደንግጠው አዩኝ፣ ክርናቸው ጋ የደረሰውን ቫኒላ አዩ፣ እሳቸውም ጀመሩ። ሁለት ሽማግሎች አንድ ወንበር ላይ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ያን ጊዜ ያስታወስሁት እታፈራሁ ከሞተች ወዲህ አለመሳቄን ሳይሆን፣ እሷ ብትኖር ይህን እንዴት አድርጋ እንደምታወራው ነው። አቶ ምድሃኔ ብቻዬን አልበላም ብለው ከአይስክሬም መሸጫ መኪናው ሁለት አዲስ አመጡ፤ ልክፈል ብላቸው እንደ ስድብ ቆጠሩት። እየበላን ሳለ ቤተሰብ የት እንዳለሁ ያውቃል ወይ አሉኝ። ጽፌ መተዌን ነገርኋቸው። ምን ብዬ እንደጻፍሁ ጠየቁ፤ ነገርኋቸው። መላሳቸውን አቆሙ።

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው፣ ስልኩን ቤት ትቶ፣ ባሕር ሄጃለሁ ብሎ ጻፈ?»

እስከዚያች ደቂቃ በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ወጡን ብሉት ማለቴም የባሰ ሆኖ ታየኝ። በቃሌ የማውቀው ቁጥር የራሳችንን የቤት ስልክ ብቻ ነው፤ አቶ ምድሃኔ ስልካቸውን አውጥተው መቱት። ገና አንዴ ሳይጠራ እሌኒ አነሣችው። ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። አቶ ምድሃኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው ማን እንደሆኑና የት እንደተማሩ ካስረዱ በኋላ «ወይዘሮ እንግዳወርቅ ከእኔ ጋር ናቸው። ደኅና ናቸው። አይስክሬም እየበሉ ነው» አሉ። መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ጫጫታው ጸጥ አለ። ከዚያ ስልኩ ጆሯቸው ላይ ሳለ የእሌኒ ድምፅ እኔ ድረስ መጣ፤ «አይስክሬም?»

ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ በእንግሊዞች ሰባት ሲል፣ ቤቴ በር ላይ የጫማ ክምር አገኘሁ። ዐሥራ አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ወጡን ማንም አልነካውም። ገብቼ ሰላም አልኋቸው። ፊቴ ፀሐይ መቶት ቀልቷል፣ ጫማዬ ሲረገጥ ይጮኻል። ጠረጴዛው ላይ የኤዶም ላፕቶፕ ተከፍቷል። ጥላዬ ጥግ ባለው ሶፋ ላይ፣ የእታፈራሁ ቦታ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አባታችን ያረፉ ጊዜ እንዲህ ሆኖ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ አዘንሁለት።

«ማን ወሰደሽ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ባቡር።»

ከክላፋም የመጣችው ዘመዳችን በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ሳቅ መሆኑ ግን ከትከሻዋ ይታያል። ኤዶም መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አክስቴ፣ ሲሪየስሊ፣ ፖሊስ ልንጠራ ነበር» አለች፣ ከዚያ እንደ ተማረች ልጅ ሥራዋን አልረሳችምና ፎርሙን ሞልታ መጨረሷን፣ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ እንደቀረ በቀስታ ነገረችኝ። «ሰብሚት ላድርገው?»

ሁሉም እኔን አዩ። ሁልጊዜ እንዲህ ሲሆን ዞር ብዬ እታፈራሁን አይ ነበር። አሁንም ዞር አልሁ፤ ሶፋው ላይ ያለው ጥላዬ ነው።

«ዝጊው» አልኋት።

ጥላዬ አንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ሌላ፣ ብቻ መኖር ሌላ ነው አለ፤ ቢያመኝስ፣ ደብዳቤ ቢመጣስ። ሁሉንም ሰማሁት፣ ልክ ነው። ሲያመኝ ራሴ አሞኛል እላለሁ፣ ደብዳቤው ሲከብደኝ ለኤዶም እደውላለሁ አልሁት። «ተራውም ይቅር፣ ጥላዬ። ስትናፍቁኝ እኔ ሃርልስደን እመጣለሁ። በባስ።»   ጥላዬ ተነሣና ከእታፈራሁ ቦታ ወደ ሌላኛው ወንበር ተዛወረ፣ እኔም ሄጄ እዚያ ተቀመጥሁበት። ወጡ ሞቀ፣ ሰው በላ፣ አቶ ምድሃኔን ሦስት ጊዜ አስወሩኝ።

ሰው ሲቀንስ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ኪችን ገባሁ። እሌኒ ብቻዋን ታጥባለች። ፎጣ አንሥቼ አጠገቧ ቆምሁ። ዓርብ ያለችውን መስማቴን ታውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔም አላነሣሁባትም። አንድ ብርጭቆ ሰጠችኝ፣ አደረቅሁ። ሌላ ሰጠችኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመት እዚህ አገር ስትኖር ከሥራዋ፣ ከቤቷና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የሄደችበት ቦታ ትዝ አይለኝም።

«ቲኬቱ ስንት ነው፣ እትዬ?» አለች፣ ሳትዞር።

ነገርኋት። ለእኔ በካርድ ስለሆነ ነው፣ ለአንቺ ትንሽ ይጨምራል አልኋት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሁለታችሁም ብትሄዱ ጥላዬም ጥሩ አየር ያገኛል፤ የሁለት ሰው ዋጋ ልጠይቅላችሁ ወይ ብዬ ጀመርሁ። እሌኒ ውሃውን ዘጋች። የማይዘጋውን በር አየችው፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠች፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ለአንድ ሰው ነው የጠየቅሁሽ።»